በወንድሟ የእጅ ጽሑፍ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ካርቦን» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት አብራት የምትሠራ አንዲት የቀድሞ መምህርት ናት፤ የማንንም ሰው የእጅ ጽሑፍ አንዴ ካየች ከሥሩ ካርቦን የገባበት ይመስል ቁርጥ እሱኑ አድርጋ ትገለብጠዋለችና። እሷ በስሙ አልተደሰተችም፣ አልተቀየመችም። በዚያ ዘመን ብዙው ነገር እንደዚያ ነበር የሚያልፋት። ጠዋት ስትገባ ካፖርቷን ሚስማሩ ላይ ትሰቅላለች፣ አመሻሽ ላይ ስትወጣ ታወርዳለች፤ በመሃል ያለው ቀን የት እንደሚገባ አታውቅም።

ችሎታው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የወንድሟ ስንፍና ያስተማራት ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እሷ ደብተሯን በጋዜጣ ለብዳ፣ ኅዳጉን አስምራ የምትጽፍ ልጅ ነበረች። በሁለት ዓመት የሚያንሳት ወንድሟ ግን ጽሑፉ ወደ ግራ የተጋደመ፣ የፊደሎቹ እግር እንደ መንጠቆ የተንጠለጠለ፣ የቤት ሥራ ከሚሠራ ቢገረፍ የሚመርጥ ነበር። ጢም ካበቀለ በኋላም እናታቸው ማሙሽ ነበር የምትለው። ማሙሽ «ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ አላወራም» ብለህ ሁለት መቶ ጊዜ ጻፍ በተባለ ቁጥር መቶ ሃምሳውን የምትጽፍለት እሷ ነች። አስተማሪው አንድም ቀን ለይቶት አያውቅም። ማሙሽም ውለታዋን የሚመልሰው አስተማሪውን ራሱን እያስመሰለ እስክትንፈራፈር በማሳቅ ነበር።

ጦርነቱ ሲነሳ ማሙሽ ዘመተ። እሷ የጽሕፈት መኪና ታውቅ ስለነበር ለሥራ ተጠራች። የፈተናት ሻለቃ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሰጥቶ «ይህን ገልብጪ» ሲላት፣ ሰውዬው በታይፕ ማለቱ መሆኑ አልገባትምና በእጇ፣ እሱ እንደጻፈው አድርጋ፣ ግርጌ ያለውን ፊርማውን ሳይቀር ጽፋ መለሰችለት። ሻለቃው ሁለቱን ወረቀት ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ቆይቶ ተመለሰ። ከነገ ጀምሮ እንድትገባ፣ ፊርማውን ግን በሕይወቷ ሁለተኛ እንዳትሞክረው ነገራት። ከዚያ አስማላት። እዚህ የሚሠራውን ለእናት፣ ለባል፣ ለንስሐ አባት እንኳ የተናገረ ወህኒ ይወርዳል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ አላት፤ ተረት ይወድ ነበር።

ክፍሉ ቀድሞ የትምባሆ መጋዘን የነበረ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሰባት ሴቶች፣ ሰባት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ግድግዳ ብቻ ነው። ትምባሆው ከተነሳ ዓመት ቢያልፈውም ሽታው ከወለሉ ጣውላ አልወጣም፤ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ጸጉር ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን እናቷ ጸጉሯን አሽትታ ማጨስ ጀምረሻል እንዴ ብላ አፋጠጠቻት። አጠገቤ የምትሠራው ናት የምታጨሰው ብላ አመለጠች፤ ምስኪኗ መምህርት በማታውቀው ሰፈር አጫሽ ተብላ ቀረች። የት ነው የምትሠሪው ስትባል ደግሞ ፖስታ ቤት፣ ደብዳቤ እለያለሁ ትላለች። ግማሹ እውነት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራቸው የጠላት ወታደሮችን ደብዳቤ ማንበብ ነበር፤ ከተማረከ የፖስታ ከረጢት የተገኘ፣ ከሟች ኪስ የወጣ። ታች ያሉት መኮንኖች ከደብዳቤዎቹ የሚፈልጉት ካርታና ቁጥር ነው፤ ስለማያገኙም «የሴት ወሬ ነው» እያሉ ወደ ፎቅ ይልኩታል። ሴቶቹ ወሬውን ያነቡታል። አንድ ሳምንት ከሦስት የተለያዩ ከረጢቶች ሦስት ደብዳቤ ካርቦን እጅ ገባ። አንዱ ለሚስቱ፣ የላክሽልኝ ሳሙና አረፋ አልሰጥ አለኝ ይላል። ሁለተኛው ሻይ መጠጣት ትቻለሁ ከንፈሬም ተሰነጣጠቀ ይላል። ሦስተኛው ጸጉሬ እንደ ቆርቆሮ ደርቋልና ቅባት ላኪልኝ ብሎ እኅቱን ይለምናል። ካርቦን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ጥቂት ካየች በኋላ ለመምህርቷ፣ እነዚህ ሰዎች በጨው ውሃ ነው የሚታጠቡት አለቻት። በወሬው ግን የሦስቱም ሰዎች ጦር ተራራ ላይ ነው ያለው። ግማሽ ገጽ ጻፈችና ለሻለቃው ሰጠችው።

በሁለተኛው ሳምንት ጦሩ ጨዋማው ሐይቅ ዳር ተደብቆ የነበረውን የጠላት ኃይል «አገኘው»። አገኘው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባት በወሩ ነው፤ ከሐይቁ ዳር በመጣው ከረጢት ውስጥ ውሃ ገብቶት የደረቀ፣ ለሚስቱ ተጀምሮ ያላለቀ ደብዳቤ አገኘች። ጽሑፉን አወቀችው። የሳሙናው ሰውዬ ነው። ወረቀቱን አንብባ፣ የሚጠቅም ነገር የለውም ብላ በማኅደሩ ላይ ጽፋ፣ ወደሚቀጥለው አለፈች። በጦሩ መጽሔት ላይ ግን «ሻለቃው ባደረጉት ጥልቅ ጥናት» የሚል ወጣ። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረስ፤ ሰባቱም አንብበውት ጠረጴዛ መጥረጊያ አደረጉት።

በሁለተኛው ዓመት ሥራው ተቀየረ። ሻለቃው ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ እንዲህ ነው ብሎ አስረዳቸው። ትልቅ ማጥቃት ሊጀመር ነው፤ መርዶ በየሰፈሩ ከገባ የሚዘምት አይገኝም፤ ስለዚህ የሞቱት ሰዎች ወሬ ማጥቃቱ እስኪያልቅ ይቆያል። ግን ደብዳቤ ድንገት ከቀረ እናት ትጠረጥራለች። ደብዳቤ መቅረት የለበትም። ይህን ሲል ወደ ካርቦን ነው ያየው።

እንዲህ ያለው ሰው ማኅደር «ማቆያ» ተባለ። በየሳምንቱ የማቆያ ጥቅል ይመጣል፤ የሟቹ ስም፣ የጻፋቸው ሁለት ሦስት ደብዳቤዎች፣ ከቤተሰቡ የመጣለት የመጨረሻ ደብዳቤ። ካርቦን ጽሑፉን ለስድስቱ ታስተምራለች፤ አስቸጋሪዎቹን ራሷ ትጽፋለች። ሕግ ነበረው። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። የቦታ ስም የለውም። ቀን የግድ ይጻፍበታል፤ የሜዳ ፖስታ ማኅተምም ይመታበታል፤ ይህ የሻለቃው ትእዛዝ ነው፣ ሥርዓት ይወድ ነበር። አንዱን ሕግ ግን ያወጣችው መምህርቷ ናት። እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ቅሬታ ይኑረው፤ ቅሬታ የሌለበት ደብዳቤ ከቢሮ የወጣ ይመስላል። ስለዚህ ሟቾቹ ሁሉ ያማርራሉ። አንዱ ቁንጫ በላኝ ይላል፣ አንዱ የወጥ ቤቱን ኃላፊ ያማል፣ አንዱ ብርድ ልብሱን ጓደኛው ወስዶበታል። ሴቶቹ ቅሬታ ሲያልቅባቸው እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር፤ ቁንጫ ዛሬ ማን ተጠቀመ እየተባባሉ።

የሰፈሯ ልብስ ሰፊ ልጅ ማኅደር የመጣው በዚያ ክረምት ነው። ልብስ ሰፊዋ ከእነሱ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው የምትኖረው፤ ካርቦንን በልጅነቷ አዝላታለች። ካርቦን የልጇን ደብዳቤ ጻፈች። በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ አቅፋ ሳመቻትና ልጄ ጻፈልኝ፣ የጓደኛው ማንኮራፋት እንቅልፍ ነስቶታል አለቻት። እንኳን ደስ አለዎት እትዬ አለቻት ካርቦን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከዚያ ቤቷ ገብታ እጇን ታጥባ ራቷን በላች፤ ራቱም ራት ራት ነው ያላት። ምንም እንዳልተሰማት ስታውቅ ትንሽ ተገረመች፤ መገረሙም ብዙ አልቆየም።

የማሙሽ ማኅደር የመጣው በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከጥቅሉ አራተኛው ነበር። መጀመሪያ ያየችው ስሙን አይደለም፤ ወደ ግራ የተጋደመውን ጽሑፍ ነው። ይህንን ማስተማር ያስቸግራል፣ እኔው እጽፈዋለሁ ብላ አሰበች፤ ከዚያ ስሙን አነበበች። ቀኑም ነበር፤ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ጠዋት። ከሥሩ እሷው በእናቷ አፍ የጻፈችው ደብዳቤ ተያይዟል፤ ሳይከፈት።

መምህርቷ ፊቷን አይታ ተነስታ መጣች፤ ማኅደሩንም አየችው። የዘመድ ማኅደር የሚደርሳት ለሌላዋ ታሳልፋለች፣ ሻለቃውም ይነገረዋል፤ ሕጉ ይህ ነው። «ስጪኝ» አለቻት መምህርቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ቤትሽ ሂጂ። አሞኛል በይ።»

«አትችይውም» አለች ካርቦን። «ፊደሉን ትችይው ይሆናል። ነገረ ሥራውን አትችይውም። እናቴ ታውቅብሻለች።»

እውነቷን ነበር። ክፉነቱም እዚያ ላይ ነው፤ በዚያች ሰዓት ያሰበችው ስለ ማሙሽ ሳይሆን ሥራው እንዳይበላሽ ነው። ወረቀት አወጣች፣ ብዕሩን ሞከረች፣ ሁለት መቶ ጊዜ ጻፍ የተባለ ልጅ እጅ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለችና ጻፈች። ቅሬታ ሲያስፈልጋት ጥርሴን ያመኛል አለች። ከዚያ የሚቀጥለውን ማኅደር ከፈተች። ቀኑን ሙሉ አሥራ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ እንደወትሮው።

ደብዳቤው በሳምንቱ ቤት ደረሰ። እናቷ ማንበብ አትችልም፤ የምታነብላት ልጇ ናት። ስለዚህ ካርቦን የራሷን ደብዳቤ ለእናቷ አነበበችላት። የወጥ ቤቱን ኃላፊ ያስመሰለበት ቦታ ላይ እናቷ ከት ብላ ሳቀች፤ ጥርሱ ላይ ስትደርስ ግን ፊቷ ተቀየረ። በነጋታው ገበያ ሄዳ ቅርንፉድ ገዛች፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረች፣ ጥርሱ ላይ እንዲይዘው አደራ ብላ ከደብዳቤ ጋር ላከችለት። ደብዳቤውን የጻፈችው ያው ካርቦን ናት።

ለማቆያ ሰዎች የሚላክ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ባለው መደርደሪያ ላይ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ካልሲ ነበር፣ ሹራብ ነበር፣ የሕፃን ፎቶግራፍ ነበር። ቋጠሮዋ ትንሽ ስለነበረች የሚወስዳት ጠፍቶ ሰነበተች። የትምባሆውን ሽታ ያን ያህል ዘመን የቻለው ነገር አልነበረም፤ ቅርንፉዱ ቻለው። ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ማን ነው የላከው እያሉ ያሸታሉ። ካርቦን አንገቷን ደፍታ፣ ቅርንፉዱ ደርሶኛል፣ ተሽሎኛል፣ ብላ ጻፈች።

እንዲህ እየተባለ ሰባት ወር ሄደ። አሥራ አራት ደብዳቤ። በሕይወቱ በሦስት ወር አንዴ እንኳ ለመጻፍ የሚለመን ልጅ በየሁለት ሳምንቱ ይጽፍ ጀመር፤ የእናቱን ጉልበት ይጠይቃል፣ ለጎረቤት ሰላምታ ይልካል። እናቷ ይህን ለሰው ሁሉ ታወራለች። «ጦርነቱ ልጄን ሰው አደረገው» ትል ነበር። ካርቦን አጠገቧ ሆና ትሰማለች። የምታለቅስበትን ቀን ትጠብቅ ነበር፤ አንድ ቀን፣ መንገድ ላይ ወይም ሰሃን ስታጥብ፣ ይመጣል ብላ። አልመጣም። ወንድሟ በየሁለት ሳምንቱ እየጻፈ እንዴት ይለቀስለታል?

ጦርነቱ ያለቀው እንደጀመረው በሬዲዮ ነው። የምስጋና ቀን ተደርጎ ሻለቃው ስለ ሐይቁ ጥናቱ ኒሻን ተሰጠው፤ ሰባቱ ሴቶች «በጽሕፈት አገልግሎት ለተባበሩ» የሚል ወረቀትና አንዳንድ ፔርሙዝ ተሰጣቸው። የካርቦን ፔርሙዝ ክዳኑ አይገጥምም። መምህርቷ ፔርሙዟን መድረኩ ሥር ትታው ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ ያያት የለም።

ከወር በኋላ የሟቾች ዝርዝር በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዝርዝሩን ያወጣው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለ ማቆያ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የሞተበትን ቀን በትክክል ጻፈ። ሰባቱ ሴቶችም በሻለቃው ትእዛዝ እያንዳንዱ ደብዳቤ የተጻፈበትን ቀን በትክክል ጽፈው ነበር። ሁለት ሥርዓት የሚወዱ መሥሪያ ቤቶች ተገናኙ።

ልብስ ሰፊዋ እያነበበች፣ የካርቦን እናት ክንዷን ይዛ፣ ግድግዳው ሥር ቆመው የሁለቱንም ልጆች ስም አገኙ። ሌሎች እናቶች በዙሪያቸው ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ከጉያዋም ደብዳቤ አውጥታ አስተያየች። ከዚያ ሁለቱ እየተሳሳቁ ቤት ገቡ። የካርቦን እናት ገና በሩ ላይ ሆና፣ «ተሳስተዋል! የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም!» አለች። የሌሎቹ ቤት ደብዳቤም እየወጣ ተነበበ፤ እንባቸውን ጠርገው የተነሡ ብዙ ናቸው። ለቅሶ የተቀመጡ ሁሉ ሳይቀሩ እየተነሡ፣ ደብዳቤያቸውን ይዘው የሻለቃው መሥሪያ ቤት በር ላይ ተሰለፉ።

ሻለቃው መስኮት አስከፍቶ ካርቦንን አስቀመጣት፤ ሥራውን ታውቀዋለሽ ብሎ። መልሱ አንድ ቃል ነው። ይጣራል። አንዷ እናት ካወቀች ሁሉም ያውቃሉ፣ ያን ጊዜ ይህን ቤት ከነነፍሳችሁ በድንጋይ ነው የሚያፈርሱት አላት፤ ወህኒውንም አስታወሳት። ካርቦን ግን የያዛት ድንጋዩም ወህኒውም አልነበረም። እናቷ አንድ ልጅ ሞቶባት ሳለ ሁለቱም በሕይወት ያሉ ይመስሏታል። እውነቱን ያወቀች ቀን ሁለቱንም ነው የምታጣው፤ አንዱን በሞት፣ አንዷን በጥላቻ። ፍርሃቷ ይህ ነበር፤ ከአካሏ ሳይደነዝዝ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይጣራል አለች። እናቶቹ ራሷ የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች በመስኮቱ አሾልከው ይሰጧታል፤ ቀኑን እይልኝ፣ ጽሑፉ የእሱ ነው፣ እምልልሻለሁ ይሏታል። ታያለች። የተቀበለችበትን ቁጥር ትሰጣለች። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ተጣራ ወይ ትላታለች፤ እየተጣራ ነው እማዬ ትላታለች። እናቷ ልጄ መስኮቱ ላይ ናት ብላ በሰልፈኛው ዘንድ ትከበር ነበር። የማሙሽ አልጋ በየሳምንቱ አንሶላው ይቀየራል። አሥራ አራቱ ደብዳቤዎች በላስቲክ ተጠቅልለው ትራሱ ሥር ናቸው፤ እናቷ ከሰዓት በኋላ እየዘረጋች ትደረድራቸዋለች። ማንበብ አትችልም እንጂ የፊደሎቹን መልክ፣ አጋደላቸውንና የእግራቸውን መንጠቆ፣ እንደ ልጇ ፊት ለይታ ታውቀዋለች።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ የምርኮኛ ልውውጥ በድንበር ላይ ይደረጋል ተባለ። የካርቦን እናትና ልብስ ሰፊዋ ወሬውን የሰሙ ቀን ሻንጣ አወረዱ። ካርቦን ያልሞከረችው የለም። ጉልበትሽስ አለቻት፤ እሱ እዚያ ታስሮ እኔ እዚህ ጉልበቴን ልሽ ወይ አለቻት። መንገዱ ፈንጂ እንዳለበት ነገረቻት። ይህ እውነት ነው፤ ባለፈው ሳምንት እንደነሱው ልጆቻቸውን ፍለጋ የሄዱ ሦስት እናቶችን የጫነች መኪና ድንበሩ ሳትደርስ ፈንጂ ረግጣ በትናቸዋለች። አንደኛዋን ካርቦን ታውቃታለች፤ በመስኮቱ የሰጠቻት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበር። ደብዳቤዋም የካርቦን ነው፤ የቁንጫው።

እናቷ ፈንጂውን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፤ እግዜር ያውቃል ብላ ልብስ ማጠፉን ቀጠለች። አውቶቡሱ የሚነሳው በነጋታው ጠዋት ነው። ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ምሳ ከተነሳ በኋላ፣ ጠረጴዛውን ጠርጋ ወረቀትና ብዕር አስቀመጠችና ካርቦንን ጠራቻት። ለድንበሩ አዛዥ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ደብዳቤዎቹን ከላስቲካቸው አውጥታ ከጎኑ ደረደረች።

«ጻፊ» አለቻት። «ልጄ በሕይወት እንዳለ ማስረጃ ይዤ መጥቻለሁ በይ። ሞተ ካላችሁበት ቀን በኋላ አሥራ አራት ደብዳቤ ጽፎልኛል በይ።»

ካርቦን በራሷ ጽሑፍ «ለክቡር» ብላ ጀመረች። እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ድፍረት መጣላት ቢባል ውሸት ነው። የፈራችውን ነገርና መኪናዋን አንድ ላይ አየቻቸው፤ መኪናዋ በለጠች፤ ይኸው ነው። ማመልከቻውን ወደ ጎን ገፋችና ሌላ ወረቀት ሳበች። ብዕሩን ወደ ግራ አጋደመች። «ለምወድሽ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብላ ጻፈች፤ መንጠቆውንም ሳትረሳ፣ በፍጥነት፣ እሱ እንደሚጣደፈው እየተጣደፈች።

እናቷ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ የልጇን መልክ ነው ያየችው። ከዚያ ዓይኗ ከጽሑፉ ወደ ብዕሩ፣ ከብዕሩ ወደ ሴት ልጇ እጅ ሄደ። ከደረደረቻቸው አንዱን አነሣች፤ ከአዲሱ ወረቀት አጠገብ አድርጋ አስተያየች።

«ድገሚው» አለች።

ካርቦን ደገመችው።

«ስንቱን?»

«ሁሉንም እማዬ። አሥራ አራቱንም።»

«ቀኑስ? ግድግዳው ላይ ያለው?»

«ልክ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ነው ያወቅኩት።»

እናቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች፣ የተጻፈበትን ፊት ወደ ታች እያደረገች ደረበቻቸው። ካርቦን የሚመጣውን ትጠብቃለች፤ በጥፊ ትለኛለች፣ ትረግመኛለች ብላ። እናቷ ግን ፊቷን እያየች፣ የማታውቀው ሰው ቤቷ ገብቶ እንዳገኘችው ሁሉ በቀስታ፣ «አንቺስ» አለቻት፤ «አንቺስ መቼ አለቀስሽ?»

«አላለቀስኩም» አለች ካርቦን።

«ሰባት ወር ከእኔ ጋር ራት እየበላሽ?»

«አዎ።»

«ከዚያስ ወዲህ? ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«አልመጣልኝም እማዬ።»

እናቷ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። መንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊዋ በሯን ከፍታ፣ ለነገው ጉዞ የሻንጣዋን ዚፕ ስትሰፋ ትታያለች። እናቷ ሳትዞር፣ የሷንም አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ካርቦን አዎ አለች። ሌላም ጠየቀቻት፣ የስንት ሰው ነው ብላ። ካርቦን የሰፈሩን ሰዎች መቁጠር ጀምራ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ እናቷ በእጇ አስቆመቻት።

«በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺው» አለቻት። «ሰው ይግባ።»

ካርቦን ተነስታ ሁለቱንም ሳንቃ ከፈተች። ያን ጊዜ ነው እናቷ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር የዘገየውን ጩኸት የጮኸችው። ውሾች መለሱላት። ልብስ ሰፊዋ ሻንጣውን ወርውራ፣ መርፌው ደረቷ ላይ እንደተሰካ፣ መንገዱን ተሻግራ እየሮጠች ገባች። ማን ሞተ፣ ማን ሞተ ትላለች።

እናቷ ሁለት እጇን ዘርግታ ያዘቻት። «የኔም» አለቻት። «የኔም፣ ያንቺም።»

ልብስ ሰፊዋ አልገባትም። ወይም አልገባኝም አለች፤ ማን ያውቃል። ከእናቲቱ እጅ ሳትላቀቅ አንገቷን ወደ ካርቦን አዞረች፤ መቼም የመስኮቱ ሰው እሷ ናት። «ምን እያለች ነው ልጄ?» አለቻት።

ሌሎቹ ሴቶች በሩ ላይ ደርሰዋል፤ ከኋላቸውም ይመጣሉ። ካርቦን ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ስትጽፍ ኖራ የራሷ ቃል የት እንደሚገኝ ጠፍቶባት ነበር።

«እውነቷን ነው፣ እትዬ» አለቻት።